የፖንሲያኖ ቀኝ እጅ

የታንጃይ ከተማ ገበያ ሰው ሁሉ ፖንሲያኖን የሚያውቀው በቀኝ እጁ ነበር። የአሳማ አጥንት ሲፈልጥ መጥረቢያውን አንዴ ካሳረፈ አይደግምም። ሚስቱ ፌሎሚና ደግሞ ያንን እጅ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። የግራ ጆሮዋን ያደነቆረው፣ የፊት ጥርሶቿን ያረገፈው እሱ ነው።

ልቡ የከዳው እዚያው ስጋ ቤቱ ውስጥ ነው፤ ባረደው አሳማ ደም ላይ ተደፋ። ሴቡ ከተማ ሆስፒታል ወስደው ደረቱን ሰነጠቁት፤ ከእግሩ የደም ሥር ቆርጠው ልቡ ላይ ቀጠሉለት፤ የተሰነጠቀውን አጥንት በሽቦ አስረው ወደ ቤቱ ላኩት። ከባድ ነገር እንዳያነሳ፣ እጁን ወደ ላይ እንዳያወጣ፣ ሲነሳም በእጁ እንዳይደገፍ ተነገረው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፖንሲያኖ ሕፃን ሆነ። ሳል ሲመጣበት ደረቱ የሚቀደድ እየመሰለው ይጮሃል። ፌሎሚና ሮጣ ትራስ ደረቱ ላይ ታደርግና አጥብቃ ታቅፈዋለች።

"ሚና፣ እንዳትለቂኝ! ሞትኩ እኮ!"

"አልሞትክም። ሳል። ጠንከር አድርገህ ሳል።"

ሳሉ ሲያልፍለት ትከሻዋ ላይ ያለቅሳል። ከተጋቡ ወዲህ እንዲህ ተጠግቷት አያውቅም።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ አናሊሳ በየሳምንቱ በሞተር ብስክሌት እየመጣች ታየዋለች። ግቢ ውስጥ እንድታራምደው ለፌሎሚና ያሳየቻት እሷ ናት። አጥንቱ ሲገጥም ደግሞ ጣቶቹን ግድግዳ ላይ ወደ ላይ እንዲያስኬድና የደረሰበት ቦታ በከሰል እንዲጫር አዘዘች። የከሰሉ ጭረት ከወገብ ወደ ደረት ወጣ። አንድ ቀን ጠዋት ፌሎሚና ግድግዳውን ተጠግታ ቆመች። ጭረቱ አገጯ ጋ ደርሷል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

"ምነው እትዬ ሚና፣ ደስ አላለሽም? ባልሽ እኮ እየዳነ ነው" አለች አናሊሳ።

"እጁም እየዳነ ነው።"

አናሊሳ የረገፉት ጥርሶቿ የነበሩበትን ቦታ አየችና ገባት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ከፈለግሽ ሌላ ሰው ያስታምመው። እኔ እፈልግልሻለሁ" አለቻት።

"አይሆንም። የጀመርኩትን ልጨርስ። እንዲሞትብኝ አልፈልግም።"

ጉልበቱ ሲመለስ ስድቡም ተመለሰ። "ይሄ ሙጫ ነው ምግብ? ጨው የት ገባ?"

"ሐኪሙ ከልክሏል።"

"የሚበላው ሐኪሙ ነው እኔ?" አለና የሩዝ ገንፎውን ከነሳህኑ ወረወረው። ትኩሱ ገንፎ እግሯ ላይ ፈሰሰ። ወለሉን ጠረገች፤ ከሰዓት በኋላም እያነከሰች አራመደችው።

ባዶ የሚባለው ወንድሙ አንድ እሁድ የኮኮናት ጠጅ በማሰሮ ይዞ መጣ። "ወንድሜን በሾርባ ልትገድይው ነው?" እያለ ገባ። ፌሎሚና ማሰሮውን ከእጁ ነጥቃ ደጅ ደፋችው። ባዶ ሳቀ። "አንተ ፖንሲንግ፣ እዚህ ቤት አባወራዋ እሷ ሆነች እንዴ?"

ፖንሲያኖ እሷ እንዳስተማረችው በእጁ ሳይደገፍ ተነሳ። ቀኝ እጁ ከትከሻው በላይ ወጣ። የመጀመሪያው ቡጢ ጉንጯ ላይ አረፈ። በሁለተኛው ወደቀች፤ ግንባሯ የጠረጴዛውን ጠርዝ መታው፤ አፏ በደም ተሞላ። በእግሩ ሆዷን ሲረግጣት ባዶ መሳቁን ተወ።

"ተው አንተ! ልብህን!" አለ። ያሳሰበው የወንድሙ ልብ ነበር።

ፌሎሚና ወለሉ ላይ እየዳኸች ፖንሲያኖ የሚመረኮዘውን የቀርከሃ ዱላ አገኘች። ተነስታ የቀኝ እጁን አንጓ አለችው። ፖንሲያኖ አጓርቶ በግራ እጁ ደረቱን ሸፈነ።

"ደረቴን! ሚና፣ ደረቴን እንዳትመቺኝ!"

"ደረትህን አልነካውም" አለች ደም እየተፋች። "የለፋሁበት ነው።"

ክንዱን ደገመችው። አጥንቱ ሲሰበር ቀው የሚል ድምፅ ተሰማ። ተንበረከከ። ጣቶቹን ወለሉ ላይ ቀጠቀጠቻቸው። ሊይዛት የመጣውን ባዶን አፉን አለችው፤ ከንፈሩ ተተረተረ። ከዚያ ዱላው ከእጇ ወደቀ። ፖንሲያኖን ሳል ያዘው። ትራሱን ወረወረችለት።

"ራስህ እቀፈው" ብላ ከቤት ወጣች።

የመንደሩ ሹም አስጠራቸው። ባዶ በተሰፋ ከንፈሩ፣ "በሽተኛ የምትደበድብ አውሬ!" አለ። ሹሙም፣ "ተይ ልጄ፣ ተመለሺለት። ያለ አንቺ ማን አለው?" አላት።

አንድ ዓይኗ አብጦ ተከድኗል። "መራመድ አስተምሬዋለሁ። መድኃኒቱን ያውቃል። የቀረውን ሌላ ሰው ያስተምረው።"

"ትምጣ" አለ ፖንሲያኖ አንገቱን ደፍቶ፣ በጀሶ የታሸገ እጁን ጭኑ ላይ አጋድሞ። "ሁለተኛ አልመታትም።"

"አሁንማ በምንህ!" አለችና ወጣች።

ባያዋን ከተማ እህቷ ጋ ሄዳ ዓሣ እያደረቀች መሸጥ ጀመረች። አናሊሳ አልፎ አልፎ ትደውልላታለች። የፖንሲያኖ ልብ እንደ ወጣት ልብ ይመታል፤ እጁ ግን ተጣሞ ገጥሟል፤ እርዱን ትቶ በየጠዋቱ ብቻውን በባሕሩ ዳር ይራመዳል።

"ይቅር በይኝ በያት ብሎኛል" አለቻት አንድ ቀን።

"ሰምቻለሁ" አለች ፌሎሚና።

ስልኩን ዘግታ ወደ ዓሣዋ ተመለሰች። አንድ ገዢ ከፍ ብሎ የተሰቀለውን ዓሣ ሊያሳያት እጁን አነሳ። ፌሎሚና ፊቷን በሁለት እጆቿ ሸፍና ቁጢጥ አለች።