የልቅሶ ቤት አበባ

«መቀሱን ስጠኝ አስመላሽ፤ እያጣመምከው ነው» አለች ሸዋአየሁ።

አልሰጣትም። አባታቸው ጋሽ ቸሩ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ጠዋት ኡራኤል ደርሰው ከተመለሱ ወዲህ፣ እህትና ወንድም ካዛንቺስ ባለችው ጠባብ ሳሎን ተቀምጠው ለቀስተኛ ጠጥቶ የተወውን የውሃ ፕላስቲክ አበባ አድርገው ይቆርጣሉ።

ጎረቤታቸው እትዬ ጀሚላ ወገባቸውን ይዘው አዩዋቸው። «አሁን ይሄ በልቅሶ ቤት ይደረጋል? ሰው ምን ይላል?»

«ደንቡ የአባባ ነው» አለች ሸዋአየሁ።

«ውይ፣ እውነትም! ቸሩ ቢሆን እኮ ጠጥቼ ሳልጨርስ ከእጄ ይነጥቀኝ ነበር።» ሳቃቸውን በሻሻቸው ጫፍ አፈኑ።

ከዚህ ቤት ድግስም ይሁን ልቅሶ ካለፈ፣ እንግዳ ከጨረሰው ነገር ቤተሰቡ አንድ ጌጥ ሠርቶ ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። ከሸዋአየሁ ሠርግ የቆርኪ ወፍ አለ፤ ከእናታቸው ተዝካር ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጠ ኮከብ። በሁሉም ላይ አስመላሽ እጁን አሳርፏል፤ አንዱም ግን የእሱ አይደለም። እሱ የሠራውን ጋሽ ቸሩ ገልበጥ አድርገው ያዩና እንግዳ ፊት ያፈርሱት ነበር። «እጁም እንደ ትምህርቱ ነው፤ ጀምሮ መተው ነው!» ሰው ይስቃል። እህቱ እንድትማር እሱን ስምንተኛ ክፍል ላይ አስቁመው ጋራዥ ያስገቡት ራሳቸው ነበሩ፤ ይህን ግን ከሳቁት አንድም አላነሳውም።

እርግጥ፣ ሲያፈርሱ አስመላሽን አጠገባቸው ያስቀምጡት ነበር። እንደገና ሠርተው እስኪጨርሱ ጉልበታቸው ጉልበቱን እንደነካ ይቆያል። የሸዋአየሁን ሥራ ግን አንዴ አይተው «ጥሩ ነው» ይሉና ያልፋሉ።

አበባው አለቀ። አንዱ ቅጠል አጥሯል፤ ሌላው ወደ ጎን አዘንብሏል። ሸዋአየሁ እጇን ዘረጋች።

«አምጣ፣ ላስተካክለው።»

«ተዪው!»

«አስሙ፣ ለአባባ እኮ ነው…»

«ለአባባ ስለሆነ ነዋ! ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁትን ሲያፈርስብኝ ኖረ። በቃ፣ አንዱ እንኳ እንዳለ ይቀመጥልኝ።»

እትዬ ጀሚላ ወደ ደጅ አዩ። ሸዋአየሁ ኮላውን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት።

ቀብቶ ከኮከቡ አጠገብ ለጠፈው። ለማየት ወደ ኋላ ሲል አበባው ተንሸራተተ፤ ቶሎ ብሎ በአውራ ጣቱ ተጫነው። ሳያስበው አባቱ ይቀመጡበት ወደነበረው ወንበር ዞረ። «አምጣ» የሚለው የለም።

በዚህ መሀል ሽማግሌዎች ደጅ ከተተከለው ድንኳን ገቡ። «እግዜር ያጽናችሁ።» ሰው ሁሉ ተነሣ። ኮላው ገና አልደረቀም። አስመላሽ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰና፣ ጣቱን ሳያነሣ አንገቱን ብቻ ዝቅ አደረገላቸው።