በገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የሞተችው ሴት

ፉንግ ሜይ-ሱት መሞቷን የሰማችው ማክሰኞ ጧት፣ በሰፈሯ ሻይ ቤት ዳቦዋን ገምጣ ገና ሳትውጥ ነው። መርዶ ነጋሪዋ የሠላሳ ዓመት ጓደኛዋ ቹይ-ሃ ነበረች፤ እሷም ብትሆን ያዘነች አትመስልም።

"ይኸው ተጽፏል" አለች ቹይ-ሃ፣ ወፍራሙን ቀይ መጽሐፍ በሁለቱ የወተት ሻዮች መካከል ዘርግታ። "ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። ፉንግ ሜይ-ሱት ሞታለች። ነፍሷን ይማር።"

"ፉንግ ሜይ-ሱት እኮ እኔ ነኝ!"

"የስም መመሳሰል ያለ ነው፣ እህቴ።"

ነገሩ የቆየ ጠብ ነው። ሜይ-ሱት በወጣትነቷ ሥራዋ መውደቅ ነበር። ፊልም ሲሠራ ዋናዋ ተዋናይ ከመስኮት የምትወረወር ከሆነ፣ የተዋናይዋን ቀሚስና ዊግ ሜይ-ሱትን ያለብሷትና እሷ ትወረወራለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከፈረስ፣ ከደረጃ፣ ከጣሪያ ወደቀች። ፊቷ አይታይም፣ ስሟም አይጻፍም። ከዚያ አገባችና ሻም ሹይ ፖ በሚባለው ሰፈር ገበያ ውስጥ የዓሣ ድብልብል ስትሸጥ ኖረች።

ከሁሉም የምትኮራበት "የሎሚ ኮረብታ ሰባት መበለቶች" የተባለው ፊልም ላይ፣ ከቤተ መቅደሱ ጣሪያ የዘለለችውን ዝላይ ነው። ያን ዝላይ በሰፈሩ የማያውቀው የለም። ችግሩ፣ ሁሉም የዘለለችው ተዋናይዋ ራሷ እንደሆነች ነው የሚያምነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቹይ-ሃ።

"አንቺ ነሽ የዘለልሽው?" ትላታለች ሁልጊዜ። "ከአውቶቡስ ስትወርጂ እንኳ የእኔን ክንድ ይዘሽ አይደል እንዴ?"

ሠላሳ ዓመት እንዲህ ተሳቀባት። ሜይ-ሱት አብራ ትስቅ ነበር፤ ግን ቤቷ ስትገባ ይከነክናታል። በሕይወቷ አንድ ትልቅ ነገር ሠርታለች፣ ያንንም የሚያምናት የለም። ባሏ ያምናት ነበር፤ እሱም ካረፈ ስምንት ዓመቱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ነገሩ ሲመራት፣ "የቺምን መጽሐፍ ገዝተሽ እይ!" አለቻት።

ይህ አባባል ቀላል አይደለም። ቺም ፑይ-ላም የወደብ ጀልባ ላይ ትኬት ይቆርጡ የነበሩ ሰው ናቸው። አርባ ዓመት ከሥራ ሲወጡ በቀጥታ ሲኒማ ቤት እየገቡ፣ ጨለማ ውስጥ በእርሳስ ሲጽፉ ኖሩ። መጽሐፋቸው ውስጥ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ፊልም አለ፤ የትኛው እንደሚታይ፣ የትኛው እንደሚዘለል፣ የትኛው ለእንቅልፍ እንደሚጠቅም ተጽፏል። ጋዜጣ ስለ ኮከቦቹ ያወራል። ቺም ግን የፊልሙን ሠራተኞች ጠያይቀው ፈረሱን ማን እንደያዘው፣ በሰይፈኛው ክንድ ላይ የእጅ ሰዓት በስንተኛው ደቂቃ እንደታየ ይነግሩሃል። ስለ አንድ የመናፍስት ፊልም የጻፉት ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ "ድመቷ ጥሩ ትሠራለች። ሌሎቹን አትመኑ።" የዚያ ሰፈር ሰው ስለ ዓሣ ዋጋም፣ ስለ ዝናብም፣ ስለ መንግሥትም ይጨቃጨቃል፤ በቺም መጽሐፍ ግን አይጨቃጨቅም፤ ወፍራምና ውድ ስለሆነ ግን ገዝቶ ያነበበው ጥቂት ነው፣ ሜይ-ሱትም ገልጣው አታውቅም።

ሜይ-ሱት መጽሐፉን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ አነበበች።

"ዝላዩን የዘለለችው ዋናዋ ተዋናይ አይደለችም። ዊጉ ሲንሸራተት ልብ በሉ፤ የግራ ጆሮዋ ጫፍ የተቀደደ ነው። ይህች ፉንግ ሜይ-ሱት ናት። ከሰባት ዓመት በኋላ ሞታለች። በዚህች ከተማ እንደ እሷ አሳምሮ የወደቀ የለም።"

ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። ስሟ በመጽሐፍ ተጽፎ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ "ሞታለች" የሚለው ላይ ስትደርስ ደግሞ ንዴቷ መጣ።

"አየሽ? የዘለልኩት እኔ ነኝ!"

"የዘለለችውማ ሞታለች" አለች ቹይ-ሃ። "አንቺ ዳቦ እየበላሽ ነው። ጋሽ ቺም ደግሞ አይሳሳቱም።"

ይኸውልህ ጣጣው። መጽሐፉ ልክ ከሆነ ሜይ-ሱት የለችም፤ መጽሐፉ ከተሳሳተ ደግሞ አልዘለለችም። ቹይ-ሃ በዚህ ላይ ጨመረችበት፤ መጽሐፍ ሻጩ እንደነገራት ሽማግሌው የአምስተኛውን እትም ማረሚያ የሚያስረክቡት ነገ ነው። ዓይናቸው ስለደከመ ከዚያ በኋላ ሌላ እትም የለም።

"ተነሺ" አለች ሜይ-ሱት።

"ወዴት?"

"ከሞት ልነሳ ነዋ!"

ቺም ከሰዓት በኋላ የማይጠፉበት ሻይ ቤት ከመጽሐፍ መደብሩ ሥር ነው። ጢም ብሎ ሞልቷል። በዚያ አገር ባዶ ወንበር ያለበት ጠረጴዛ የማንም ነው፤ ሁለቱ ሴቶች ሳይጠይቁ ከሽማግሌው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ቺም በአንድ እጃቸው የመኮሮኒ ሾርባቸውን እየጠጡ፣ በሌላው ማጉያ መነጽር ይዘው ወረቀት ላይ አጎንብሰዋል።

"ጋሽ ቺም፣ እኔ ፉንግ ሜይ-ሱት ነኝ።"

ቀና እንኳ አላሉም። "እመቤት፣ እንዲህ ሲሉኝ እርስዎ ሦስተኛ ነዎት። አንደኛው እንዲያውም ወንድ ነበር።"

"ሞተች ብሎ የነገረዎት ማነው?"

"ዓይኔ ነዋ!" አሉ፣ አሁን ቀና ብለው። "ከዝላዩ ሰባት ዓመት በኋላ በወጣ ፊልም፣ አንድ ልጅ ለሟች እናቱ ፎቶ ይሰግዳል። ሦስት ሰኮንድ ነው የሚታየው። የግራ ጆሮዋ ጫፍ ተቀዷል፤ እሷ ናት። እስቲ ይንገሩኝ፣ በዚህ አገር በሕይወት እያለ ፎቶውን ለሙታን ጠረጴዛ የሚሰጥ ሰው ያውቃሉ? ያውም እንዲሰገድበት? የለም። እንግዲያው ሞታለች፤ ጓደኞቿም ለመታሰቢያዋ አደረጉት።"

በዙሪያቸው ያሉት ጠረጴዛዎች በሙሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያ አገር ሰው ዘንድ ይህ የማይታበል ማስረጃ ነው። ቹይ-ሃም ነቀነቀች።

ሜይ-ሱት ግን ሳቋ አመለጣት። "የዚያን ቀን ዕቃ ያዡ ፎቶ ረስቶ መጣ። ሠላሳ ሰው ለመነ፤ ወጥ ቤቱ ሳይቀር ሮጦ አመለጠ። እኔ ለጋብቻ ወረቀት የተነሳሁት ፎቶ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ከጣሪያ የወደቅኩ ሰው ወረቀት ልፍራ? መጥፎው ዕድል እንዲሰበር ገንዘብ ያለበት ቀይ ፖስታ ሰጡኝ። የሠርግ ጫማዬን ገዛሁበት።"

ቺም ማጉያውን ወደ ግራ ጆሮዋ አስጠጉ። ተቀዷል። "ጆሮ የማንም ይቀደዳል" አሉ፤ ማጉያውን ግን ከጆሮዋ አላነሱም። "በየትኛው ትከሻዋ ነው ያረፈችው?"

ሜይ-ሱት ከወንበሯ ተነሳች፤ ከዚያ ወንበሩ ላይ ወጣች።

"ኧረ ተይ! ወገብሽን!" ጮኸች ቹይ-ሃ። "ስልሳ ሁለት ዓመትሽ ነው አንቺ ዕብድ!"

ሜይ-ሱት አገጯን ወደ ደረቷ ሰበሰበች፣ እጆቿን ለቀቀች፣ ወደ ኋላዋ ወደቀች። መዳፏ ወለሉን ጧ አደረገው፤ በግራ ትከሻዋ ተንከባለለችና ቁጢጥ ብላ ተገኘች። አንድ ብርጭቆ እንኳ አልተነካም። ወጥ ቤቱ ጭልፋውን እንደያዘ ብቅ አለ።

"በግራው" አለች ቀሚሷን እያራገፈች። "ቀኙን አስቀድሞ ፈረስ ሰብሮት ነበር።"

ጭብጨባው ያን ጊዜ ፈነዳ። ቺም አላጨበጨቡም። ያለቅሱ ነበር።

"አርባ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ያንን ዝላይ" አሉ። "በየዓመቱ፣ ሙታን በሚታሰቡበት በመቃብር ጽዳት ቀን፣ መስኮቴ ላይ ብርቱካን አስቀምጥልዎ ነበር። ሠላሳ ዓመት። ዘመድ የሌላት መስሎኝ።"

ሜይ-ሱት ማንም አያውቀኝም ብላ ስትከነከን፣ በወደቡ ማዶ አንድ ሰው በየዓመቱ ያስባት ነበር። ደስታው ደረቷን ሞላው፤ ከአፏ የወጣው ግን ይህ ብቻ ነው።

"ብርቱካኑንስ ማን በላው?"

"እኔ።"

"ጣፋጭ ነበር?"

"በጣም" አሉና ሁለቱም በእንባቸው መካከል ሳቁ። ቺም ከገንዘብ ተቀባይዋ ቀይ ፖስታ ለምነው በሁለት እጃቸው አቀረቡላት። "በአራት እትም ገድዬዎታለሁ። ይሰበር።" ከዚያ እርሳሳቸውን አነሱ።

አምስተኛው እትም በመከር ወጣ። ማክሰኞ ጧት ቹይ-ሃ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለትን ገልጣ፣ ሻይ ቤቱ በሙሉ እንዲሰማት ቆማ አነበበች፤ "ሁልጊዜ ስነግራችሁ አልነበረም?" ብላም ጀመረች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

"ዝላዩን የዘለለችው ፉንግ ሜይ-ሱት ናት። ጸሐፊው ሞታለች ብሎ ነበር፤ ይቅርታ ይጠይቃል። በሕይወት አለች። ዝለይ እንዳትሏት፤ ትዘላለች።"

ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡሱ ቆመ። ሜይ-ሱት እንደ ልማዷ ክንድ ፍለጋ እጇን ዘረጋች። ቹይ-ሃ ክንዷን ልትሰጣት አለችና መለሰችው፤ ከዚያ የጓደኛዋን ክንድ ራሷ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

"ያዢኝ እንጂ" አለች። "መውደቅ የምታውቂው አንቺ ነሽ።"