ለቅሶ ያልደረሰችው ዳኛ

«የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው፣ ማማ ፋናዬ» አለ ሴናተሩ። አንድ ገጽ ወረቀት ከሻይ ኩባያዋ አጠገብ አስቀምጦ በጣቱ ወደ እሷ ገፋ አደረገው። ድምፁን ዝቅ አድርጓል። ለሐዘኑ ክብር ነው እንዳይባል፣ ከደቂቃ በፊት በስልክ ሲስቅ ድንኳኑ በሙሉ ሰምቶታል።

ፋናዬ ጥቁር ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰበሰበች። «ምን ይላል?» አለችው፣ እዚህ ናይሮቢ ሠላሳ ዓመት እንዳልኖረች፣ እንግሊዝኛ እንደማታነብ ሁሉ።

«እውነቱን ነው የሚለው። ዳኛ ኪማንዚ በዳኛ ካጌንዶ ላይ እምነት እንዳልነበራቸው፤ ይህንንም ለባለቤታቸው ለእርስዎ እንደነገሩዎት።»

«ዛሬ ነው የሚፈለገው?»

«ነገ ጠዋት እመለሳለሁ። የካጌንዶ ስም ለዳኛው ወንበር ሥር ሳይሰድ ይሻላል።»

ኪማንዚ የፋናዬ ባል ነው፤ ነበር። በአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሚሰየሙት ዳኞች አንዱ ሆኖ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ጠዋት፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን እያጠለቀ ሳለ ልቡ ቆመ። ለቦታው የሚወጣው ማስታወቂያ ገና አልወጣም፤ የተተኪዎቹ ስም ግን ከአስከሬኑ ቀድሞ ከቤት ወጥቷል።

በባሏ አገር ደንብ ሰው የሚሰበሰበው እስከ ቀብር ድረስ ነው፤ ከዚያ ሁሉም ወደየሥራው ይበተናል። ሐበሻ ደግሞ ከቀብር መልስ ሦስት ቀን ካልተቀመጠ የቀበረ አይመስለውም። ስለዚህ ኪማንዚ ቅዳሜ ዕለት ትውልድ ቦታው ማቻኮስ፣ አባቱ ማሳ ውስጥ አርፎ፣ እሁድ ጠዋት ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር፣ እነ ፋናዬ ግቢ ድንኳን ተተከለ። የቤተ ክርስቲያኑ የእህቶች ኅብረት ድስቱንና ኩባያውን ይዞ ገባ። የፋናዬ አማቶች በነገሩ ግራ ተጋቡ። ፖለቲከኞቹ ግን ይህን የሐበሻ ደንብ ከልባቸው ወደዱት፤ ሦስት ተጨማሪ ቀን ተገኘላቸዋ!

በአንደኛው ጥግ ወንበሩ የማቻኮስ ነው ይባላል፤ ካመለጠ በሃያ ዓመትም አይመለስም። በሌላው ጥግ የሴት ተራ ነው ይባላል። በሩ አጠገብ የተቀመጡ ሁለት ጠበቆች ሻያቸውን እየጠጡ፣ ማን ከማን ጋር እንደተማረ፣ ማን የማንን እህት እንዳገባ በጣታቸው ይቆጥራሉ። ወሬውን የጨረሰ ወደ ፋናዬ ይመጣና ጎንበስ ብሎ «ፖሌ ሳና»፣ እግዜር ያጽናሽ፣ ይላል፤ ከዚያ ፎቶ አንሺው እንዳነሳው ዞር ብሎ ያረጋግጣል።

«እኛ ለቅሶ ላይ ነን፣ እነሱ ምርጫ ላይ» አለች ብዙነሽ፣ ሴናተሩ ከድንኳኑ እንደወጣ። ብዙነሽ የእህቶች ኅብረቱ መሪ ናት። ዌስትላንድስ ምግብ ቤት አላት፤ ለቅሶ ቤትንም እንደ ምግብ ቤቷ ነው የምታዘው። ወረቀቱን አንስታ አነበበችና መልሳ አስቀመጠችው። «ፈርሚ!»

«ብዙዬ…»

«ምን ብዙዬ ትይኛለሽ? ለቅሶ ላልደረሰ ሰው ደግሞ ይሉኝታ!»

ፋናዬን የሚያንገበግባትም ይኸው ነበር። ካጌንዶ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች የኪማንዚ ረዳት ሆና ሰባት ዓመት ሠርታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ፋይሏን ታቅፋ እዚህ ቤት ትመጣ ነበር፤ ሽሮ ከቀረበ ግን ፋይሉ ይረሳል። ኪማንዚ ደግሞ ቅዳሜ ያለ ንዱማ አይሆንለትም። ንዱማ የእኛ ጎደሬ ነው፤ እሱ ቅቅሉን ከመንገድ ዳር ይገዛና በሻይ ይበላዋል። አንዱን ለሁለት ይገምስና ሁለቱን እኩሌታ እያስተያየ፣ ድምፁን አወፍሮ «ፍርድ ቤቱ ትልቁን ለፋናዬ ወስኗል፤ ይግባኝ የለውም» ይላል። ካጌንዶ ይህን ባየች ቁጥር እንደ አዲስ ትስቃለች። ልጃቸውን ያኤልን ሳይክል ያስተማረቻትም እሷ ናት። ዛሬ ራሷ የይግባኝ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆናለች፤ ለኪማንዚ ወንበርም ስሟ ከሁሉም በላይ የሚነሳው የእሷ ነው።

እና ይህቺ ልጅ በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ብቅ አላለችም። ቀብር ላይም አልታየችም። ኪማንዚ የሞተ ዕለት አንድ መልእክት በስልክ ላከች፦ «ፖሌ ሳና ማማ። ቃል አጣሁ።»

«ቃል ብታጣ እግር አላት አይደል?» ብላ ነበር ብዙነሽ። ፋናዬ ያን ዕለት ተከላክላላታለች። በአምስተኛው ቀን ዝም አለች። ከማቻኮስ ስትመለስ ግን ልቧ ቆረጠ። ሐበሻ ብዙ ነገር ይቅር ይላል፤ ለቅሶ የቀረን ግን ሠርጉ ላይም አይረሳውም።

«ማሚ፣ ዳዲ ሪሊ እንዲህ ብሏል?» አለች ያኤል ወረቀቱን ከእናቷ ትከሻ በላይ እያየች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ናይሮቢ ተወልዳ ናይሮቢ ያደገች ብቸኛ ልጃቸው ናት።

«ግትር ናት ብሏል። አምና ከሥራ ሲገባ ቦርሳውን ወርውሮ ‹ይህቺ ልጅ ግትር ናት› አለ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ያ እኮ ኮምፕሊመንት ነው! ዳዲ ሰውን ግትር የሚለው ሲወደው ነው።»

«ብሏል ግን» አለች ፋናዬ። ወረቀቱን አጣጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ያኤል ቋጠሮውን አየት አድርጋ ወደ እንግዶቹ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሲቀንስ፣ ፋናዬ ብዙነሽ ያቀረበችላትን ሾርባ ሳትነካ፣ ስደተኛ በሚበዛበት ሰፈር፣ ኢስሊ፣ የነበሩበትን ዘመን አስታወሰች። ያኔ ስደተኛ ነበረች፤ ኪማንዚ ደግሞ የስደተኞችን ወረቀት በነፃ የሚከታተል ቀጭን ጠበቃ። የእናቷ መርዶ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ፋይሏን ይዞ በር ላይ ደረሰ፤ ለቅሶ መሆኑን ሲያይ ፋይሉን ጃኬቱ ውስጥ ደብቆ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ። ሦስት ቀን ተመላለሰ። አንድም ቃል አልተናገረም፤ የሚናገረው ነገር ቢኖርም ያኔ የሚሰማው አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ሲወጣ እግሩ ደንዝዞ ግድግዳ ይዞ ነው የቆመው። ያን ጊዜ ነው የወደደችው። ከዚያ ወዲህ የሐበሻን ለቅሶ ከሐበሻ ቀድሞ የሚደርስ ሆነ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ቀርቶ ያየችው፤ ያንን ደግሞ ለማስታወስ አትወድም።

ማክሰኞ ጠዋት ሴናተሩ ከአምስት ሰዓት በፊት እንደሚደርስ አስላከ። ፋናዬ ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ከተንጠለጠለው ሸሚዝ ኪስ የኪማንዚን እስክሪብቶ አወጣች። ሳሎኑ በአማቶቿ፣ ድንኳኑ በእንግዳ ሞልቷል። ያኤል ሳታያት ለመፈረም ወደ ጓሮ ዞረች።

ጓሮ፣ ልብስ ማስጫው ሥር፣ አንዲት አሮጊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ኩባያ ያጥባሉ። ከእሁድ ጀምሮ እዚያው ናቸው። ከቃጫ የተሠራ ኪዮንዷቸውን ይዘው በጠዋት በማታቱ ሚኒባስ ይመጣሉ፣ ቅርጫታቸውን ግድግዳው ሥር አስቀምጠው እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ፣ ማታ ይሄዳሉ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች የኪማንዚ አክስት መስለዋቸዋል። የኪማንዚ ዘመዶች ደግሞ ሐበሾቹ የቀጠሯቸው ናቸው ብለው ትተዋቸዋል። «ማማ፣ ቪኮምቤ!» ትላለች ብዙነሽ በየአሥር ደቂቃው፤ አሮጊቷም የታጠቡትን ኩባያዎች ያቀብላሉ።

ፋናዬ ከጎናቸው ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ቋጠሮዋን ፈታች። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና እስክሪብቶውን ከፈተች።

አሮጊቷ አንድ ኩባያ አለቅልቀው ጨርቁ ላይ ደፉት። ድምፅ እንዳይሰማ በሁለት እጃቸው፣ ቀስ ብለው። የፋናዬ እጅ ቆመ። እሷም አንድ ጊዜ በሰው ጓሮ፣ በሰው ለቅሶ፣ ኩባያ እንዲህ ደፍታ ታውቃለች።

ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። የኪማንዚ አስተማሪ የነበሩት ሽማግሌ ዳኛ ሞቱና ወንበራቸው ባዶ ሆነ። ከሚነሱት ስሞች አንዱ የኪማንዚ ነበር።

«እኔ አልሄድም፤ አንቺ ሂጂልኝ» አላት፣ ሸሚዙን ሳይቆልፍ አልጋው ላይ ተቀምጦ።

ፋናዬ ጮኸችበት። ያስተማረህን ሰው! እንደ አባት የያዘህን ሰው!

«ብሄድ ለእሳቸው ይሁን ለወንበራቸው የማለቅሰው፣ ራሴም አላውቀውም» አለ። «ወንበሩ ሰው ሲያገኝ እሄዳለሁ።»

አልገባትም። ብቻዋን ሄደች። ከፊት መቀመጥ ስላሳፈራት ጓሮ ገብታ፣ የማን ሚስት እንደሆነች ለማንም ሳትናገር ኩባያ ስታጥብ ዋለች። ኪማንዚ በተሾመ ሳምንት ሽማግሌው ቤት ሄዶ ከሚስታቸው ጋር ቀኑን ሙሉ ተቀምጧል። ሲመለስ ዓይኑ አብጦ ነበር። እሷ ግን ወንበሩን ካገኘ በኋላ ማልቀስ ምን ዋጋ አለው አለች በልቧ። ባሌ ለሹመት ሲል አስተማሪውን አልቀበረም የሚለው ሐሳብ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሆዷ አልወጣም። ይቅር ብላዋለች፤ አልረሳችውም።

«እማማ» አለች በስዋሂሊ፣ ድምፁ ከራሷ የወጣ አልመሰላትም። «እርስዎ የማን ነዎት?»

«የካጌንዶ እናት ነኝ።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ? ኩባያ አሉኝ፣ ኩባያ አጠብኩ።» አሮጊቷ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «ልጄ ‹ሂጂና ስለ እኔ ተቀመጪ፤ ካልጠየቁሽ ስሜን አትጥሪ› አለችኝ። ይኸው አሁን ጠየቅሽኝ።»

«እሷስ?»

«ወንበሩ ሰው ሲያገኝ ትመጣለች። እሷ ብትሆንም፣ ሌላ ሰው ቢሆንም። ቅዳሜ ማቻኮስ ድረስ ነድታ፣ ሬሳ የጫነው መኪና እስኪያልፍ መንገድ ዳር ቆማ ተመለሰች። እኔ ተቆጥቻት ነበር። ‹ዳኛው እንዲህ ነው ያስተማሩኝ› አለችኝ።»

ፋናዬ ሳቀች። ከየት እንደመጣ ያላወቀችው ሳቅ ነበር፤ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነባት፣ እንደገና ሳቅ ሆነ። ባሏ አስተማሪውን አልናቀም ነበር። እንባው ከወንበሩ ጋር እንዳይቀላቀልበት ፈርቶ ነበር የቀረው። ይህን ደግሞ ለእሷ ማስረዳት ቢያቅተው፣ ለዚያች ግትር ልጅ አስረድቷታል። እስክሪብቶውን ከደነችና ፎጣ አንስታ ኩባያዎቹን ማድረቅ ጀመረች።

«ማማ፣ ቪኮም…» ብዙነሽ የጓሮው በር ላይ ቀጥ ብላ ቀረች። «አንቺ! ባለሐዘን ዕቃ ታደርቃለች?»

«ተዋወቂ። የካጌንዶ እናት ናቸው።»

ብዙነሽ መጀመሪያ ወረቀቱን፣ ቀጥሎ አሮጊቷን፣ ቀጥሎ የኩባያውን ክምር አየች። «ኧረ ጌታ ሆይ! የዳኛ እናት ሦስት ቀን ሙሉ ሳዝዝ!» ብላ የአሮጊቷን እርጥብ እጅ ለመሳም ጎንበስ አለች። አሮጊቷ አማርኛው ባይገባቸውም ነገሩ ገብቷቸው፣ «ጥሩ አዛዥ ነሽ፤ የኔ ልጅ እንኳ እንዲህ አታዝም» አሉ በስዋሂሊ።

ሴናተሩ ሲመጣ ፋናዬ በሩ ላይ ተቀበለችው። ያኤል ከኋላዋ ቆማለች።

«ፈረሙልን?»

«አልፈረምኩም።»

«ግን ዳኛው ስለ እሷ ነግረውዎታል፤ እርስዎም ትናንት አላስተባበሉም።»

«ግትር ናት ብሎኛል። እሱም ግትር ነበር። ይኸው እኔንም አስለመደኝ።» ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችለት።

«እንግዲህ ከእሷ ጎን መቆምዎ ነው» አለ ሴናተሩ። አሁን ድምፁን ዝቅ አላደረገም።

«ከማንም ጎን አልቆምኩም። የምትመርጡትን ምረጡ። እኔ ባል ነው የሞተብኝ።»

ሴናተሩ ሰዓቱን አይቶ፣ ፖሌ ሳና ብሎ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ እያደረገ ወደ መኪናው ሄደ። ፎቶ አንሺው ግን ሻዩ ስለጣመው ሁለተኛ ኩባያ እስኪጨርስ ቆየ። ያኤል እናቷን ከኋላ አቅፋ አገጯን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች። «ዳዲ ቢኖር ፍርድሽን አፕሁልድ ያደርገው፣ ያጸናው ነበር» አለች።

ስምንት ሰዓት ላይ የመዝጊያ ጸሎቱ ተደረገ፣ ድንኳኑም ተነቀለ። አሮጊቷ ሊሄዱ ሲነሱ ብዙነሽ ኪዮንዶውን ነጠቀቻቸው፤ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስማ። ዳቦ ልትከትበት ስትከፍተው ግን ባዶ አልነበረም። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቅል ንዱማ አለበት።

«በየቀኑ ይዤ ስመጣ ያየልኝ የለም» አሉ አሮጊቷ። «ይህ የዛሬው ነው። ዳኛው ቅዳሜ ቅዳሜ ይህን ይወዱ ነበር ብላ ልጄ ናት የላከችው።»

ብዙነሽ ንዱማውን ትሪ ላይ ገልብጣ፣ ኪዮንዶውን በዳቦ ሞልታ አሮጊቷን እስከ ማታቱ ፌርማታው ልትሸኛቸው ወጣች። መንገዱን ሙሉ ይቅርታ ስትጠይቅ ድምፅዋ ይሰማል።

ፋናዬ ወጥ ቤት ገብታ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። ማክሰኞ ነው እንጂ ቅዳሜ አይደለም። አንዱን ንዱማ አንስታ ለሁለት ገመሰችው። ሁለቱን እኩሌታ ጎን ለጎን ይዛ አስተያየቻቸው። ትልቁን፣ እንደተወሰነላት፣ ለራሷ አስቀረች፤ ትንሹን በእሱ በኩል ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የራሷን ቀስ ብላ፣ እስከ መጨረሻው በላች። ከዚያ እጇን በጠረጴዛው ላይ ዘርግታ የእሱንም አነሳች።