ለላይኛው ፎቅ የሚተርፍ ብረት

ፌሮው ከጠዋቱ ግሎ ስለነበር ሽፈራው በጨርቅ ይዞ ነው የሚያገላብጠው። የሸዋሮቢት ፀሐይ ብረት ካገኘች አትምርም።

ሽፈራው ዕድሜውን ሁሉ የሰው ቤት ብረት ሲቆርጥና ሲያጥፍ የኖረ ፌራዮ ነው፤ ዛሬ የሚቆርጠው ግን የራሱን ቤት ዓምድ ነው። ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው፣ የእግሩ ማጠፊያ ተጨምሮ፣ አምስት ሜትር ከአሥር ይሆናል። በዚያ ላይ ዘጠና ሳንቲም ከጣሪያው በላይ ብቅ ብሎ ይቀራል፤ የላይኛው ፎቅ ብረት የሚታሰረው እሱ ላይ ነው። ድምሩ ስድስት ሜትር፣ የአንድ ቤርጋ፣ ማለትም የአሥራ ሁለት ሜትሩ ሙሉ ብረት፣ እኩሌታ፤ ቅንጣት አይባክንም። ሚስቱ ደብሪቱ ከፌራዮ ጋር ኖራ ይህን ሂሳብ ከእሱ እኩል ታውቀዋለች። የላይኛው ፎቅ የልጃቸው የናሆም ነው ብላ የወሰነችውም እሷ ናት። ናሆም ከዘመተ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል፤ እሷ ግን ሲመጣ ይሠራዋል ትላለች።

ትናንት አመሻሽ ላይ የእድራቸው ዳኛ ጋሽ ይልማ ሽፈራውን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወደ ዳር ወሰዱት። ናሆም አይመጣም። ለእናቱ መርዶው ነገ ጎህ ሲቀድ፣ እህቷ ከአጣዬ ደርሳ፣ የሚይዛት ሰው ባለበት ይነገራል፤ እስከዚያ ሥራህን እየሠራህ ፊትህ እንዳያሳብቅብህ ጠብቀው አሉት። ሽፈራውም ጠበቀ። ሌሊቱን ጀርባውን ሰጥቷት ተኛ፤ ጠዋት ቁርሱን እንደምንም ዋጠ። ስለ ብረቱ ክብደት እንኳ ሳይቀር አወራት፤ ዘጠና ሳንቲሟ በያንዳንዱ ብረት ላይ የምትጨምረው አንድ ኪሎ ከምናምን ነው፣ አትጎዳንም አላት። እንዲህ ማስመሰል እንደሚችል ራሱም አያውቅም ነበር።

ረፋድ ላይ ደብሪቱ በጆግ ውኃ ይዛለት መጣች። የመጀመሪያው ቤርጋ ላይ በጠመኔ የተሰመረውን አይታ ቆመች። መስመሩ መሐል ላይ አልነበረም። ጎንበስ ብላ ሜትሩን ዘረጋች፤ አምስት ከአሥር። ሽፈራው ብረት የሚያባክን ሰው አይደለም።

እሱም መስመሩን ልብ ያለው ገና አሁን ነው። መቼ እንዳሰመረው አያስታውስም። ተሳስቼ ነው ሊላት አስቦ ተወው።

«መቼ ነገሩህ?» አለችው።

«ትናንት።»

ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠች። በመዳፏ ጠመኔውን ከብረቱ ላይ ጠረገችው፤ ግለቱ ቢፈጃትም እጇን አላነሳችም። ከዚያ ጠመኔውን ከእሱ ተቀብላ፣ ሜትሩን እስከ ስድስት ስባ አሰመረች።

«እዚህ ጋ ቁረጠው።»

ቀና ብላ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ዘቅዝቃ ለበሰችው። ጎረቤቱ ገና ምንም አልሰማም። ሽፈራው መጋዙን አንስቶ እሷ ያሰመረችው ላይ አሳረፈ፤ እሷም ብረቱ እንዳይወዛወዝበት ጫፉን ያዘችለት።