እማማ ታንጉት እንዳይሰሙ

ልጃቸው ያለው መሞቱን በቢቸና ያልሰማ ሰው ቢኖር እናቱ እማማ ታንጉት ብቻ ነበሩ። የሚኖረው ሞጣ ነበር፤ የተሳፈረባት የእህል መኪና ተገልብጣ ሞተ፣ እዚያው ሞጣ ተቀበረ። ታላቅ ወንድሙ ታዘበው ለእናቱ «ለጤፍ ንግድ ሞጣ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ሄዶ፣ ወንድሙን ቀብሮ ተመለሰ። እናቱ ገና ከደጃፍ «ያለው ደኅና ነው?» አሉት። «ደኅና ነው፤ ሰላም በልልኝ ብሏል» አለ። ያቺን ቃል ካወጣ ወዲህ የበላው እህል ሰውነቱ ላይ አልዋለም።

የዋሸው ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም። በእኛ አገር ደም ግፊት ላለበት ሰው መርዶ በድንገት አይነገርም፤ እማማ ታንጉት ደግሞ ግፊት አለባቸው። ግፊቱ መኖሩ የታወቀውም በዚሁ በልጃቸው በያለው ምክንያት ነበር። ሊጠይቁት ሞጣ ሄደው ሳለ «መጥተሽ የለ፣ እስቲ ተለኪ» ብሎ እየጎተተ ሆስፒታል ወሰዳቸው። ምንም ሳያማቸው፣ ራሳቸውን እንኳ ሳይከብዳቸው፣ ከመጠን በላይ ከፍ ብሎ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ሞጣ ይሄዳሉ፤ ያለው ዘንድ ያድራሉ፣ እሱ ያስለካቸዋል፣ የወር ኪኒናቸውን ቋጥረው ይመለሳሉ።

«አርባው እስኪቃረብ ማንም ትንፍሽ እንዳይል» አሉ የእማማ ታንጉት ወንድም አያ ወልደ ኪዳን፣ ዘመዱን ሁሉ ሰብስበው። «ያን ጊዜ ማለዳ ቄሱን ይዘን እንገባና አረጋግተን እንነግራታለን። እስከዚያ ከግቢ እንዳትወጣ። በድንገት ብትሰማ እዚያው ክልትው ነው የምትል።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ ነገሩ ጥበብ ይመስል ነበርና።

የወሩ የልኬት ቀጠሮ ደረሰ። የሞጣው ቤት የሐዘን ቤት ነው፤ መሄድ አይታሰብም። ታዘበው «መንገድ ተዘግቷል» አለ። እናቱ «እንግዲያው ደውልልኝ» ሲሉት «ኔትወርክ የለም» አለ። በዚህ ዘመን ውሸታምን የሚያግዝ ነገር መች ይጠፋል! ሁለቱም በየጊዜው እውነት ስለሚሆኑ እማማ ታንጉት አመኑት።

ሚስቱ አገሬ ግን ወደ ጓዳ ጎትታ አስገባችው። «ኪኒናቸው አልቋል እኮ። እዚሁ ቢቸና ሆስፒታል ውሰዳቸው።»

«ወረፋ ጠባቂው ሁሉ የሚያውቀን ሰው አይደለም? አንዷ አጠገቧ ተቀምጣ ‹እግዜር ያጥናዎት› ብትላትስ? በገዛ እጄ ገደልኋት ማለት ነው።»

«እሽ፣ መድኃኒቱን እንኳ ጠይቀህ አምጣላቸው።»

«አገሬ፣ ምን አስቆጥቷት፣ ምን አስደንግጧት ነው ግፊቷ የሚነሣ? እኔ ደጁን የምጠብቀው ለምን ሆነና!»

ሰውየው የእህል ነጋዴ ነው፤ አንድ ጭብጥ ጤፍ ዘግኖ የየት አገር እንደሆነ ይነግርሃል። የእናቱን ደም ግን ክፉ ወሬ ካልቀሰቀሰው በስተቀር የሚተኛ ነገር አድርጎ ነው የቆጠረው። እናም ወሬውን ከደጅ መለሰ፤ ግፊቱን ግን ቤተኛ አድርጎ ከውስጥ ተወው። እንዲያውም ደስ እንዲላቸው ብሎ ጠቦት አረደ፤ ጨው የበዛበትን ቋንጣ፣ ቅቤ የተንሳፈፈበትን ወጥ በየቀኑ አቀረበላቸው። ጠዋት ጠዋት «ራስሽን ያምሻል እማዬ?» ይላል። «ኧረ ደኅና ነኝ» ይላሉ። መለኪያው ይኸው ብቻ ነበር።

አንድ ቀን እማማ ታንጉት በረንዳው ላይ ተቀምጠው «ልጄ፣ ምነው አሰርኸኝ?» አሉት። «ቤተ ክርስቲያን አልሳምሁ፣ ሰው አልጠየቅሁ። ሳልለካ ይህን ያህል መሰንበቴን ያለው ቢሰማ ይቆጣኛል። ቀጠሮ ማሳለፍ አይወድም።»

ታዘበው ከብቶቹን ሊያይ የሄደ መስሎ ከቤቱ ጀርባ ዞረ፤ ጋቢውን አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ አለቀሰ። ድምፅ አውጥቶ ወንድሙን ማልቀስ እንኳ ተከልክሎ ነበር።

የመርዶው ማለዳ መጣ። አያ ወልደ ኪዳን ቄሱን ይዘው ገቡ። ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢውን ሞላው፤ ሁሉም እስኪነገራቸው ድምፁን ውጦ ይጠብቃል። ታዘበው እናቱን ሊቀሰቅስ መኝታ ቤት ገባ።

እማማ ታንጉት ከአልጋው ሥር ወድቀው ነበር። አፋቸው ወደ ግራ ተጣሟል። ቀኝ እጃቸውን አንሥቶ ሲለቀው እንደ ዕቃ ወደቀ። ማንም ምንም አልነገራቸውም፤ ቄሱ ገና ጫማቸውን እንኳ አላወለቁም።

ለለቅሶ የመጣው ሰው ተሸክሞ ባጃጅ ላይ ጫናቸው።

ሆስፒታል ሐኪሟ መለኪያውን ክንዳቸው ላይ አስራ ነፋች፤ አላመነችም መሰል ደግማ ነፋች። «የላይኛው ሁለት መቶ ሠላሳ ነው። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ይሆናል» አለች። «መድኃኒት ይወስዱ ነበር?»

«ይወስዱ ነበር» አለች አገሬ። «ካለቀ ቆየ።»

«ለምን አልመጡም?»

ታዘበው ወደ ሐኪሟ ጆሮ ጎንበስ አለ። «ልጇ ሞቶባት… እንዳትሰማ… እንዳትደነግጥ ብለን ነው።»

ሐኪሟ መለኪያውን ከክንዳቸው ፈታች። «ግፊት እኮ ድንጋጤ አይጠብቅም» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ደኅና ነኝ እያሉም ይጨምራል። ካልተለካ አይታወቅም፤ ኪኒናው ከተቋረጠ ደግሞ ያገረሻል። በየወሩ ይለኩ የነበረው ለዚህ ነበር።» ወደ ትልቅ ሆስፒታል የምትልክበትን ሪፈር ትጽፍ ጀመር።

አያ ወልደ ኪዳን በሩ ላይ ቆመው ከዘራቸውን አገላበጡ። ታዘበው እናቱ እግር ሥር ተንበረከከ፤ መሬቱ ቢከፈትለት ይገባ ነበር። ወንድሙን ያለውን ቀበረ፤ እናቱን ግን እሱ ራሱ ነው በር ዘግቶ ለዚህ ያበቃቸው፣ ያውም በፍቅር።

እማማ ታንጉት አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። በተጣመመው አፋቸው እየጎተቱ ተናገሩ፤ ጆሮውን አስጠግቶ ሰማ።

«ያለውን… ጥሩልኝ። እሱ ነው… የሚያስለካኝ።»

ሁሉም ታዘበውን አየ። ተከትለው የመጡት ቄስ ዓይናቸውን መሬት ተከሉ።

«እየመጣ ነው እማዬ» አለ ታዘበው። «መንገድ ላይ ነው።»

እማማ ታንጉት በደኅናው እጃቸው እጁን ጭብጥ አድርገው ያዙ፤ በሩን በሩን ያዩ ጀመር።