የገረመው ጉልበት

ገረመው በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ባሕር ማዶ ኢቶቢኮ ውስጥ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤታቸው ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ሚስቱ የኔነሽ፣ ልጃቸው ሔርሞን፣ ጎረቤታቸው ይመኙሻልና ዙበይር የሚባል ሸበቶ ሰው። ዙበይርን ከቤቱ ማንም አያውቀውም፤ የለቅሶውን አድራሻ ፌስቡክ ላይ አይቶ ነው የመጣው።

«እናቴ የኔነሽ ናት» አለችው ሔርሞን።

የኔነሽ ከፍራሹ ብድግ ብላ ወንበር ሳበችለት። ሰውየው ክው አለ።

«እንዴ! ይነሳሉ እንዴ?»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ጉልበትዎ ነዋ! ገረመው ‹የኔነሽ ከወንበር አትነሳም› ብሎን፣ ስንቴ ዱዓ አድርጌልዎታለሁ። አልሐምዱሊላህ!»

«ጉልበቱን የታመመው እሱ አልነበረም እንዴ?» አለች ይመኙሻል፣ በሹክሹክታ የተናገረች መስሏት።

«ማን? ገረመው?» ዙበይር ሳቀ፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው ሳቁን ዋጠው። «ማክሰኞና ሐሙስ መዋኛው ውስጥ ማን ይችለዋል! ስድስት ዓመት አብረን ዋኝተናል። ሰባ አራት ዓመቱ ነው ብንል የሚያምነን አልነበረም።»

ስልኩን አውጥቶ አሳያቸው። ገረመው ሰማያዊ የዋና ኮፍያ አጥልቆ፣ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ ድዱ እስኪታይ ይስቃል። የኔነሽ ይህን ሳቅ ካየችው ዓመታት አልፈዋል።

ማክሰኞና ሐሙስ። «የጉልበቴ ፊዚዮ ቀጠሮ አለኝ» ብሎ እያነከሰ ይወጣል። ሲመለስ ገላው ክሎሪን ክሎሪን ይላል። «የሆስፒታል ሽታ ነው» ይላታል። እሷም ዘይት አሙቃ ጉልበቱን ታሸዋለች፤ ስድስት ዓመት፣ ማታ ማታ። አንዴ ይመኙሻል የሴቶች የእግር ጉዞ ማኅበር ልታስገባት መጥታ ነበር። የኔነሽ ጫማ ሳይቀር ገዝታለች። ገረመው ሶፋው ላይ እንደተጋደመ፣ «ሂጂ እንጂ፤ አንቺ ምን አለብሽ፣ እግር አለሽ» አላት። ጫማውን ለሔርሞን ሰጠቻት።

«ታውቂ ነበር?» አለች አሁን ወደ ልጇ ዞራ።

«ኖ ማሚ፣ አይ ስዌር፣ አላውቅም።»

«እኛ ከነሚስቶቻችን ነው የምንዋኘው» አለ ዙበይር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «‹የኔነሽንም አምጣት፣ ውሃው ይሻላታል› ስንለው አንገቱን ይደፋል። እኛም አዝነን እንተወዋለን።»

«ምን አድርጌው ነው?» አለች የኔነሽ።



«ተይው በቃ፣ አፈሩ እንኳ አልደረቀም» አለች ይመኙሻል።

«የእኔስ እግር? ስድስት ዓመት እኮ ነው፣ ይመኙሻል!»

ዙበይር ኮቱን ሰበሰበ። «ምነው ባልመጣሁ። አላህ ያጽናዎት» ብሎ ተነሳ።

ለቅሶ የተቀመጠ ሰው እንግዳ አይሸኝም። የኔነሽ ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አስራ ተከተለችው። ሊፍቱ መጥቶ ተከፈተ።

«እርስዎ ይግቡ፤ እኔ በደረጃው ነኝ።»

«አሥራ አንድ ፎቅ?»

«አሥራ አንድ ፎቅ።»

ወረደች። ታች ዙበይርን ጨብጣ አሰናበተችውና በዚያው ደረጃ ተመልሳ ወጣች። ይመኙሻል ፍራሹ ላይ ቦታ ለቀቀችላት። የኔነሽ አልተቀመጠችም፤ እስኪመሽ ድረስ የመጣውን ለቀስተኛ ሁሉ ቆማ ተቀበለች።