ያላንኳኳሁት ፎርኬላ

እዚህ ባሕር ማዶ፣ ብሉር ጎዳና ላይ ሳይክል መጠገን ከጀመርኩ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ከካርቦን የተሠራ ሳይክል እንደ ብረቱ አይደለም፤ ውስጡ ተላቆ ላዩ ያብረቀርቃል፣ ሰው ይሸውዳል። እኔ ግን በሳንቲም ኳ ኳ አድርጌ እሰማዋለሁ። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተጎዳው ድፍን ይላል። "ጆሮዬ አይሳሳትም" እያልኩ ስንት ጉራ ነዝቻለሁ! ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

የአርባው ማግስት ታላቅ እህቴ አጸደ የልጇን የኢሳያስን ሳይክል እየጎተተች ከምትኖርበት ከፍሌሚንግደን ፓርክ ሱቄ ድረስ መጣች። ፖሊስ የመለሰላት በዚያው ሳምንት ነው። ልጁ ቁልቁለት ሲወርድ ነበር ወድቆ የሞተው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር።

"ፍቅሩ፣ ንገረኝ" አለች፣ ሳትቀመጥ። "የወደቀው እኔ በደወልኩበት ሰዓት ነው። ስልኩን ላንሳ ሲል ነው አይደል? እኔ ነኝ የገደልኩት?"

"ኧረ እትዬ፣ በስማም በይ!"

"አንኳኳውና ንገረኝ አልኩህ!"

የፊት ጎማውን የሚይዘው ፎርኬላ ለሁለት ተሰብሯል። ሳንቲሜን አወጣሁ። ከስብራቱ በላይ አራት ጣት ያህል ድምፁ ድፍን ነው። ስብራቱ ውስጥ የቆየ የመንገድ ቆሻሻ ገብቶ ደርቋል። ስንጥቁ የዚያ ቀን አልነበረም።

ኢሳያስ ይህን ያገለገለ ሳይክል ገዝቶ ያመጣልኝ ከመሞቱ ሦስት ሳምንት በፊት ነው። "አንክል፣ ቼክ አድርግልኝ" አለኝ። ዋናውን አካል፣ ፍሬሙን፣ አንኳኳሁ። ፎርኬላው ላይ ስደርስ አንድ ደንበኛ ነዘነዘኝ፤ ተውኩት። "ሂድ፣ ንጹህ ነው፣ አጎትህ አለልህ!" አልኩት። አመነኝ፤ ምን ያድርግ! ከለቅሶው የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ይቺን ነገር ስጠረጥር ከረምኩ።

ዝም ብል እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ ራሷን ስትኮንን ትኖራለች። ብናገር እህት የለኝም።

"ስልኩ አይደለም፣ እትዬ" አልኳት። "ቀድሞም ተሰንጥቆ ነበር። ፎርኬላውን አላንኳኳሁትም። ንጹህ ነው ብዬ የሰደድኩት እኔ ነኝ።"

መጀመሪያ ፊቷ ፈታ አለ። ከዚያ ገባት።

"መቼ ጠረጠርክ?"

"የሞተ ዕለት።"

"አርባ ቀን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠህ 'አይዞሽ' ስትለኝ ነበር" አለች፣ ቀስ ብላ። "ደወልኩለት፣ ገደልኩት እያልኩ ደረቴን ስመታ እጄን የያዝከው አንተ ነህ።"

ሳይክሉን እዚያው ጥላ ወደ በሩ ሄደች። ልሸኛት ብነሳ "አትከተለኝ" አለችኝ። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ስታዘኝ እንቢ ብያት አላውቅም። ቀረሁ።